አንድ ዕቃ፣ ሁለት ካርቶን፦ መለዋወጫ ስትገዙ ለየትኛው ስም ትከፍላላችሁ?

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ካንዴላ፣ ሞተር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ ተቀምጧል። አንዱ የወጣው ቶዮታ ከሚል ካርቶን ነው። ካርቶኑ ላይ 90919-01210 የሚል ቁጥር አለ። ሌላው የወጣው ዴንሶ ከሚል ካርቶን ነው። እሱ ላይ ደግሞ ኤስኬ20አር11 ይላል። ካርቶኖቹን ደብቄ ካንዴላዎቹን ብቻ ባቀብላችሁ የቱ ከየቱ እንደወጣ አትለዩም። እኔም አልለይም። የሁለቱም ነጭ ሸክላ ላይ የተጻፈው ዴንሶ ነው። ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥርም ያው ኤስኬ20አር11 ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 11 ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል፤ ለካሁት፣ በሁለቱም ልክ ነው። የከፈልኩት ገንዘብ ግን አንድ አይደለም። የቶዮታው ካርቶን ይበልጣል።

«ታዲያ ይሄ ሌብነት አይደለም?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። «እንግዲያው ሁሌ ርካሹን ልግዛ?» የሚሉም አሉ። እሱም አይደለም። የትኛው ዕቃ ላይ ለስም መክፈል እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ላይ ደግሞ ገንዘብ መጣል እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ ዕቃውን ማን እንደሚሠራው ማወቅ ይጠቅማል።

ማን ነው የሚሠራው?

የመኪና ፋብሪካ የምንለው ድርጅት መኪናውን ይነድፋል፣ አካሉን ይሠራል፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩንም ራሱ ያመርታል። ካንዴላውን፣ ኩሽኔታውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ዲናሞውን፣ መብራቱን ግን ከሌሎች ይገዛል። ዴንሶ ራሱ የቶዮታ አንድ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ተነጥሎ ወጣ። ዛሬ ለቶዮታም ለተፎካካሪዎቹም ይሠራል። ጄኔራል ሞተርስ ዴልፋይን በ1999፣ ፎርድ ደግሞ ቪስቲዮንን በ2000 በተመሳሳይ መንገድ ለይተው ሸኙ። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ከዚህ በታች ያሉትም ጭምር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ምን ያህል የተጠላለፈ እንደሆነ ብዙ ሰው የተረዳው በክፉ አጋጣሚ ነው። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ኤርባጉን በፍንዳታ የሚነፋውን ክፍል ይሠራ ነበር። ይሄ ክፍል ሲያረጅ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ፣ ከልክ በላይ እየፈነዳ የብረት ስብርባሪ ሰው ላይ ይረጭ ጀመር። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲለወጡ ታዘዘ። ጉዳዩ 19 የመኪና አምራቾችን ነካ። መሪው ላይ ያለው ዓርማ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከዓርማው ጀርባ የተደበቀው ግን የአንድ ቤት ሥራ ነበር። ታካታ በ2017 ከሰረ።

ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የምታዩት ካርቶን አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የመኪናው ፋብሪካ ካርቶን ነው፤ ሻጮች «ጀንዩን» የሚሉት። ሁለተኛው ዕቃውን የሠራው ኩባንያ በራሱ ስም የሚሸጠው ነው፦ ዴንሶ፣ ቦሽ፣ ኮዮ፣ ማሌ፣ አይሲን። ሦስተኛው የአሻጊው ካርቶን ነው። አሻጊ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ይገዛል፣ ይመርጣል፣ በራሱ ስም ያሽጋል። አራተኛው ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ነገም ላታገኙት የምትችሉት ነው።

«ኦኢኤም» የሚባለውን ቃል እዚህ ዝርዝር ውስጥ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ቃሉ መኪናው ሲሠራ ዕቃውን ያቀረበውን አምራች ለማለት የመጣ ነበር። አሁን ግን ሻጩ እንደፈለገ ይለጥጠዋል። ለአንዱ ጀንዩን ማለት ነው፣ ለሌላው «እንደ ኦሪጅናሉ የሆነ» ማለት ነው፣ ለሦስተኛው ምንም ማለት አይደለም። ኦኢኤም ነው ሲሏችሁ «ሠሪው ማን ነው?» በሉ። ስም ካልተጠራ ወሬ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ከብረቱ አይደለም። ከብረቱ በኋላ ካለው መንገድ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ካንዴላውን ከዴንሶ ይረከብና በራሱ ካርቶን ያሽጋል፣ በራሱ ቁጥር ይመዘግባል፣ በራሱ መጋዘን ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ወኪል፣ ከወኪል ወደ መሸጫ ይወርዳል። እያንዳንዱ እጅ የራሱን ይጨምራል። የሠሪው ካርቶንም እጅ በእጅ ነው የሚያልፈው፤ ግን ያንኑ ካርቶን ብዙ ነጋዴ ስለሚይዘው እርስ በእርስ ይፎካከራሉ። የጀንዩኑ መስመር ጠባብ ነው።

መጋዘኑን ቀላል አትዩት። ምርቱ ከቆመ ብዙ ዓመት የሆነው መኪና የበር እጀታ፣ የመስኮት ጎማ፣ የመቀመጫ ቀበቶ መያዣ የሆነ ቦታ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ከሠሪው ካርቶን ይህንን አታገኙም፤ ሠሪው የሚይዘው ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ነው። የቆመውን ዕቃ ወጪ የሚሸፍነው ደግሞ የሚሮጠው ነው። የእናንተ ካንዴላና ፊልትሮ የማታውቁትን ሰው የበር እጀታ እየደጎመ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን እናንተም እጀታው ተሰብሮባችሁ ስታገኙት ትመርቁታላችሁ።

ከዚያ ኃላፊነት አለ። ጀንዩኑ ቢበላሽ የምትሄዱበት በር አንድ ነው። ዕቃው ለዚያች መኪና መሆኑን ያረጋገጠው፣ ሞተሩ ላይ ጭኖ የሞከረው የመኪናው ፋብሪካ ነው። ለዚህም ትከፍላላችሁ።

የቀረው ያው ትርፍ ነው። መኪና የሚሸጠው አንዴ ነው፤ መለዋወጫው ግን መኪናው እስኪጣል ድረስ ይሸጣል። በዚያ ላይ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ዋስትናዬ ይሰረዝብኛል ብሎ ስለሚፈራ አያማርጥም። ይህን ፍርሃት ሕግ አውጪዎችም አይተውታል። አሜሪካ ውስጥ ማግነሰን ሞስ የሚባለው የ1975 የዋስትና ሕግ አምራቹ ዕቃውን በነጻ ካልሰጠ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር «የእኔን ካርቶን ካልገዛህ ዋስትና የለህም» እንዳይል ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 461/2010 ደግሞ ዕቃውን የሠራው ኩባንያ የራሱን ዓርማ እንዳያሳርፍበት መከልከልን እንደ ከባድ የውድድር ጥሰት ያየዋል።

የተፋቀው ዓርማ

ስለ ዓርማ ካነሳን አንድ የምወዳት ነገር አለች። ከታወቀ ሠሪ ካርቶን የወጣ ቴስቲና ወይም የጎማ ማያያዣ ክንድ እጃችሁ ሲገባ ብረቱን አገላብጡት። አንዳንዴ የሠሪው ስም አጠገብ በመፍጫ የተፈገፈገች፣ ከሌላው የብረቱ ገጽ የምታበራ ትንሽ ቦታ ታገኛላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ የመኪናው ፋብሪካ ዓርማ ነበር። ዕቃው የሚወጣበት ሻጋታ አንድ ነው፤ ዓርማው ሻጋታው ውስጥ ተቀርጿል። ሠሪው በራሱ ስም ሲሸጠው ግን የመኪናውን ዓርማ ይዞ መሸጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ይፍቀዋል። እንደ ሌምፎርደር ባሉ የጀርመን መኪና ዕቃዎች ላይ ይሄ የታወቀ ነው። ጠባሳዋን ሳይ ደስ ይለኛል። የዋጋው ልዩነት ተፍቆ የወደቀው ብናኝ ነው።

በእህትማማች መኪኖች መካከልም ያው ነው። በ1ኬ0 የሚጀምር ቁጥር ከአምስተኛው ጎልፍ ጋር የመጣ የቮልስዋገን ቁጥር ነው። ያንኑ ቁጥር በቮልስዋገን ሥር ባሉት የዚያ ዘመን አውዲ ኤ3፣ ስኮዳ ኦክታቪያና ሴያት ሊዮን ላይ ታገኙታላችሁ። የአውዲ ባለቤት ከሆናችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ስኮዳ መሸጫ መጠየቅ ነውር የለውም። በ2019 የወጣው ቶዮታ ሱፕራም ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር ኦስትሪያ፣ ግራትስ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ነው የተገጣጠመው። ኮፋኖውን ስትከፍቱ የቢኤምደብሊው ምልክት ያለበት ዕቃ ይቀበላችኋል።

አንድ ፋብሪካ ማለት አንድ ዕቃ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። «ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጣው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ፋብሪካ ለአንዱ ደንበኛ ወፍራም ጎማ፣ ለሌላው ስስ ጎማ ያወጣል። የፍሬን ሸራ ላይ ይሄ በጣም ጎልቶ ይታያል። የኋላው ብረት አንድ ነው፣ ቅርጹ አንድ ነው፣ የተጣበቀው ሸራ ቅልቅል ግን ለመኪናው ፋብሪካ አንድ ዓይነት፣ ለገበያው ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ አይጮህም ግን አቧራው ይበዛል፤ ሌላው ይጮሃል ግን ዕድሜው ይረዝማል።

የመኪናው ፋብሪካ ካርቶንም ሁሌ «መኪናው ሲሠራ የተገጠመው» አይደለም። የቶዮታ የዘይት ፊልትሮ ቁጥር ውስጥ ዋይዜድዜድ የሚሉ ሦስት ፊደላት ካያችሁ፣ ለምሳሌ 90915-ዋይዜድዜድኢ1፣ ያ ፊልትሮ ለጥገና ገበያ የተዘጋጀ ነው። ጀንዩን ነው፣ ጥሩም ነው። አዲሷ መኪና ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ግን አይደለም።

የድርጅት ዝምድናም እንዲሁ ነው። ዜድኤፍ ሳክስን፣ ሌምፎርደርንና ቲአርደብሊውን ይዟል። ሼፍለር ሉክን፣ ኢናንና ፋግን ይዟል። ማሌና ክኔሽት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፌቢ፣ ስዋግና ብሉ ፕሪንት የሚባሉትም የቢልስታይን ግሩፕ ስሞች ናቸው። (ይሄ ቢልስታይን ግን ሾክ አብዞርበር የሚሠራው ቢልስታይን አይደለም። ስማቸውም አንድ፣ ከተማቸውም አንድ፣ ጀርመን ውስጥ ኤኔፔታል። ድርጅታቸው ግን ለየብቻ ነው። ሻጭ ሁለቱን ሲያምታታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።) አንድ ባለቤት አለን ማለት አንድ ዕቃ ነን ማለት አይደለም። የሚያስተማምነው ዕቃው ላይ የተቀረጸው ስምና ቁጥር ነው።

እንግዲህ እንምረጥ

እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ዕቃ ቢበላሽ ለመለወጥ ምን ያህል ሥራ አለው? ከዕቃው ዋጋ በፊት ይህን አስባለሁ።

ካንዴላ፣ የአየርና የዘይት ፊልትሮ፣ የዝናብ መጥረጊያ ላይ ሳላመነታ የሠሪውን ካርቶን እገዛለሁ። ለመቀየር ቀላል ናቸው፣ የታወቁ ሠሪዎች አሏቸው፣ ለተጨማሪው ስም የምታገኙት ነገር የለም። ካንዴላ ላይ አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሙቀት ደረጃውን የሚናገረውን ቁጥር በግምት አትተርጉሙ። የዴንሶ 20 ከሌላው የካንዴላ ሠሪ ከኤንጂኬ 6 ጋር ነው የሚመጣጠነው። ሁለቱም ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ ቦሽ ላይ ግን ግልባጩ ነው። የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ አለ፣ እሱን ተመልከቱ።

ፍሬን ሸራ ላይ ጀንዩን ወይም የታወቀ ሠሪ፣ ከዚያ ወዲያ አልወርድም። የሠሪውን ስትገዙ ሸራው የኋላ ብረት ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ በክብ ውስጥ ያለች የላቲን ኢ ፊደል ፈልጉ። አጠገቧ ያለው ቁጥር ያጸደቀውን አገር ይናገራል፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 11 እንግሊዝ። ከዚያ 90አር የሚል ይከተላል። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 90 ነው። ምትክ ሸራው የማቆም አቅሙ ከኦሪጅናሉ ከ15 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም ይላል። ደንቡን ሁሉም አገር አልፈረመም፤ ምልክቱ ስለሌለ ብቻ ሸራው መጥፎ ነው አልልም። ካለ ግን አንድ ሰው እንደሞከረው ታውቃላችሁ።

ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ የጊዜ ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕ ላይ ርካሽ መግዛት ሞኝነት ነው። ይህን የምለው ከፍዬ ስለተማርኩ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የፊት ጎማ ኩሽኔታ ስቀይር ስሙን የማላውቀውን አነሳሁ። «ያው ነው» ተባልኩ፣ እኔም ያው መሰለኝ። ካርቶኑም ያምራል። ሦስት ወር ሳይሞላ ከሥር «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ጀመረ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፣ ወደ ግራ ስዞር ይብሳል። ትንሽ ቆይቶ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሥርዓት) መብራት በራ። ዛሬ ብዙ ኩሽኔታ ውስጥ የጎማውን ፍጥነት ለሴንሰሩ የሚነግር መግነጢሳዊ ቀለበት አለ፤ የእኔው ላይ ቀለበቱ ተላጦ ነበር። እንደገና ወረደ፣ እንደገና ተጨመቀ፣ እንደገና የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ጀንዩኑን ብገዛ እንኳን ይረክስልኝ ነበር። ፍሪሲዮን ደግሞ ይብሳል፤ ለሱ ካምቢዮ መውረድ አለበት። የጊዜ ቺንጋ ሲበጠስ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ያኔ ያወራችሁት ስለ ቺንጋ አይደለም፣ ስለ ሞተር ነው።

እነዚህ ላይ ግን ጀንዩን የግድ አይደለም። የታወቀው ሠሪ ካርቶን ይበቃል፤ ለእኔ እዚህ ነው ምርጡ ግዢ።

ኤርባግ፣ የመቀመጫ ቀበቶ፣ የኮምፒውተር ሳጥን፣ ቁልፍ፣ እነዚህ ጀንዩን ናቸው፣ ውይይት የለውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕይወት ናቸው። የኋለኞቹ ደግሞ ከመኪናው ጋር በኮምፒውተር ካልተዋወቁ አይሠሩም። ያገለገለ ዕቃም ቦታ አለው፤ በር፣ መስታወት፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮም ቢሆን ከተመረመረ። ያገለገለ ኤርባግ ግን አይሞከርም።

አካል ላይ ነገሩ የዓይን ነው። ኮፒ ፓራፋንጎ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም፣ ወይም ከበሩ ጋር ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ይሰፋል። ሠራተኛው እየቀጠቀጠ የሚያስተካክልበትን ሰዓት አስሉት። መብራት ላይ ግን ኮይቶ፣ ስታንሌይ፣ ሄላ፣ ቫሌዮ የሚሉት ስሞች ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርቡ ናቸው። የአሮጌውን መብራት መስታወት ጥግ በደንብ እዩት፤ የሠሪው ስም በጥቃቅን ፊደል አለ።

ፎርጅዱ

አንድ ሰው «ከዚህ ሁሉ ጣጣ ጀንዩን ገዝቼ ልገላገል» ሊል ይችላል። ችግሩ፣ አስመሳዮች የሚኮርጁት የታወቀውን ካርቶን ነው። ስም የለሹን የሚኮርጅ የለም። ፎርጅድ ኤንጂኬ፣ ፎርጅድ ቶዮታ ፊልትሮ የሚበዛው ለዚህ ነው። ካርቶን ማተም ከዕቃው ይቀላልና ዕቃውን እዩ። የካንዴላው መሐለኛ ጫፍ ከመሐል ዘንበል ብሏል? ጥርሱ ሸካራ ነው? ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል? ፊልትሮው ካወጣችሁት ጋር ሲመዘን በእጅ የሚታወቅ ያህል ይቀላል? ዋጋው ከሠሪው ካርቶን እንኳን ወርዶ ጀንዩን ነው ከተባላችሁ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ቁጥሩን ማግኘት

ሻጭ «የስንት ዓመት ናት?» ብሎ ጠይቆ ዕቃ ከሰጣችሁ ተጠንቀቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ሞዴል ሁለት ዓይነት ሸራ ሊይዝ ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ስጡ። ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ላይ ግን ያጥራል። ከዚያ የመኪናው ፋብሪካ ለዕቃው የሰጠውን ቁጥር ታገኛላችሁ። የቶዮታ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፦ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ፣ 04466 የኋላ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የሠሪዎቹን ማውጫ ስታገላብጡ በዴንሶ ስንት፣ በኤንጂኬ ስንት፣ በአይሲን ስንት እንደሆነ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ከዚያ በፊት የምታወዳድሩት ካርቶን ነው።

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ግን አሮጌው ዕቃ ነው። መካኒኩ አውጥቶ ከመጣሉ በፊት ተቀበሉት። ያ የከሸፈው ኩሽኔታዬ በወረደ ቀን፣ ከወራት በፊት ያስቀየርኩት ኦሪጅናሉ ጋራዡ ጥግ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ገና አለ ተባለ። አወጣሁት። ቅባቱ ደርቆ ጠቁሯል። በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልለቅ ሲል ቤንዚን ነካ አደረግኩት። የቀለበቱ ጠርዝ ላይ ፊደሎቹ ቀስ ብለው ወጡ፦ ኮዮ፣ አጠገቡ ቁጥር። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁትና ፎቶውን ይዤ ልገዛ ሄድኩ።